ደህና ነኝ ያለን የአንኮበር መስመር

በዚያ ቀን ደብረ ብርሃን ባለው የስብሰባ ክፍል የነበርነው እነዚህ ነን። በጠረጴዛው ራስ ዶክተር መስፍን፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊና የራጅ ምስል የሚያነቡት ሐኪም። በቀኛቸው ኢንጂነር ሰለሞን፣ የኮምፒውተር ክፍሉ አለቃ። ፊት ለፊታቸው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት እንግዶች፣ አንድ ረጅም ሰውዬና አንዲት ወይዘሮ። ከበሩ አጠገብ፣ ኮምፒውተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እኔ። በመስመሩ ማዶ፣ አንኮበር ባለው የምስል ጣቢያችን፣ ሲስተር አስናቀች፤ ከጎኗም የደረታቸው ምስል ሊነበብላቸው የተቀመጡት የአልዩ አምባው ነጋዴ አቶ ሐሰን። ሁለቱን በድምፅ ማጉያ ሰማናቸው እንጂ አላየናቸውም።

ጋሽ ይልማ አልነበሩም። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ አንኮበር ከተመለሱ ቆይተው ነበር። እሳቸው በክፍሉ ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ ያ ቀን እንደ ማንኛውም ቀን አልፎ ይረሳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሚወሰነው ነገር ለመናገር ቀላል ነው። አንኮበር ላይ የተነሣ የራጅ ምስል በኔትወርክ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ዶክተሩ ያነቡታል፤ መልሱ በዚያው ቀን ይመለሳል። ይህ በእንግዶቹ ፊት ከታየ መሣሪያው አንኮበር ይቆያል፤ ካልታየ ተነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። መሣሪያው ከሄደ፣ ከአልዩ አምባ ቆላ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ በሽተኛ እንደገና መኪና ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን ድረስ መምጣት አለበት። አንዳንዱ ይመጣል። ብዙው ዳገቱን አይቶ ሳሉን ይዞ ቤቱ ይቀራል።

ይህን የምጽፈው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ ሳጣ ነው። ስለ ሥራዬ ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ሐኪም ስለ በሽተኛው፣ መምህር ስለ ተማሪው የሚያወራው አያጣም። የእኔ ሥራ ሲሰምር ማንም የማያየው፣ ሲበላሽ ግን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚያየው ነበር። መዘዞ በሠራሁበት ዘመን ከነበሩት አለቆች አንዱ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ኮሪደር ላይ ቆመው «መጣ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። መምጣቱን ሲሰሙ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ወዴት ሄዶ እንደነበር ግን ጠይቀው አያውቁም።

የተወለድኩት ደነባ ነው። በወጣትነቴ ሒሳብ አስተማርኩ። ኮምፒውተር ወደየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ መጽሐፍ እየገዛሁ፣ ያልገባኝን ገጽ ደጋግሜ እያነበብኩ ወደዚያ ዞርኩ። መጀመሪያ ጫጫ፣ ቀጥሎ መዘዞ፣ በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ተመደብኩ። ደሞዙ አኖረኝ፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለም። ባለቤቴ ያረፈችው መዘዞ ሳለሁ ነው። በዚህም ላይ የምጨምረው የለም።

ጋሽ ይልማን ያገኘኋቸው ጫጫ ነው። ከዚያ በፊት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ፤ ምሰሶ ላይ ወጥተው የተበጠሰ ሽቦ የቀጠሉ ሰው ናቸው። ጣቶቻቸው ወፋፍራምና የተሰነጣጠቁ ስለነበሩ በኮምፒውተር ሲጽፉ ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ ይነኩ ነበር። ስለዚህ ከመጻፋቸው በፊት ብዙ ያስቡ ነበር፤ ወይም ብዙ ማሰብ ስለሚወዱ ጣታቸውን ሰበብ ያደርጉት ነበር። አንድ ነገር ተበላሸ ሲባል ሌሎቻችን ወደ ቁልፉ ስንሮጥ እሳቸው በርኖሳቸውን ደርበው ይቀመጡና ወረቀት አውጥተው መንገዱን ይሥላሉ። መልእክቱ ከየት ይነሣል፣ በማን ቤት ያልፋል፣ ማን ደጃፍ ላይ ይጠየቃል፣ የት ይገባል። ሥዕሉ ሳያልቅ ማንም አንድ ነገር እንዲነካ አይፈቅዱም።

ቨርቹዋል የሚባለው አሠራር ሲመጣ ለብዙ የዕድሜ እኩዮቻቸው የሥራው መጨረሻ ሆነ። ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ሰርቨር፣ ማለትም መረጃ ይዞ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያቀብለው ኮምፒውተር፣ የራሱ የብረት ሣጥን ነበረው፤ ከሣጥኑ የሚወጣውን ገመድ በእጅ ተከትሎ እስከ መጨረሻው መሄድ ይቻል ነበር። በአዲሱ አሠራር አንድ ትልቅ ሣጥን ይገዛና በውስጡ ብዙ ሰርቨሮች በፕሮግራም ይፈጠራሉ። ሰርቨሩ በጽሑፍ የተሠራ ነው፤ ሰርቨሮቹን የሚያገናኘው ገመድም በጽሑፍ የተሠራ ነው። ሁሉም ይሠራል፤ የሚዳሰስ ግን የለም።

ይህን ለጋሽ ይልማ ሳስረዳቸው ሣጥኑን ከኋላም ከፊትም ዞረው አዩት።

«ገመዱ የት አለ?»

«የለም ጋሽ ይልማ። እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ ሲበጠስ ምኑን ልይዝ ነው?» አሉና ወረቀታቸውን አወጡ። «የማይታይ ከሆነማ ይበልጥ መሣል አለበት።»

ከዚያ በኋላ የማይታየውን ገመድ ከእኔ አጥርተው የሚያዩት እሳቸው ሆኑ። ጫጫ የነበረው የመድኃኒት መጋዘን ሰርቨር አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። የመጋዘኑ ጸሐፊ ተስፋ ቆርጣ «ይኮራል፤ ለምኑልኝ» ትለን ነበር። እኔ መልእክቱን በአየር የሚያሻግረውን ሬዲዮ፣ ገመዶቹን የሚያገናኘውን ስዊች፣ መብራቱን መረመርኩ። ጋሽ ይልማ ወረቀታቸው ላይ አንድ ሰርቨር ሥለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ከጎኑ ሌላ ደገሙበትና ሁለቱ ላይ አንድ አድራሻ ጻፉ። አንድ ሰው ለመጠባበቂያ ብሎ የሰርቨሩን ቅጂ ሠርቶ፣ ቅጂውን ሳያጠፋው ሄዶ ኖሯል። ስም ሲጠራ ሁለቱም አቤት ይላሉ፤ ቅጂው የቀደመ ዕለት ጸሐፊዋ የምታነጋግረው የትናንቱን መጋዘን ነው። ቅጂውን አጠፋነው፤ ኩራቱም ቀረ። ሌላ ጊዜ መዘዞ ላይ አንድ ሰርቨር በቁጥር ስህተት ከሌሎቹ ጋር በማይገናኝ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ግድግዳው የሚታይ አልነበረም፤ እኛ ነን በጽሑፍ የሠራነው። ጋሽ ይልማ ያን ዕለት ለብቻው የተቀመጠውን ሰርቨር እንደ ሰው አዝነውለት እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ከልማዶቻቸው ሁለቱን በተለይ ልጽፍ እፈልጋለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የቆመው በእነሱ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው የስልክ ጥሪያቸው ነው። ወደ አንድ ጣቢያ ሲደውሉ መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ከሰላምታው ጋር «መስመሩስ ደህና ነው?» ይላሉ። መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነው፤ ይመስገን» ነው። ከዚያ ስለ ልጆች፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ አንኮበር ጉም ያወራሉ። እንደገና «ሥራውስ እንዴት ይዟችኋል?» ይላሉ። «ይመስገን» ይባላሉ። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ስልኩን ይዘጋል። እሳቸው አይዘጉም። ዝም ብለው ይቆያሉ፤ ዝምታው ያስጨንቅ ነበር። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ ልዘጋ ነው። ምን አስቸገራችሁ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ነው ጉዳዩ የሚወጣው። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን እንደሚያባክኑ ጠየቅኳቸው።

«የመጀመሪያው ደህና ለእግዜር ነው» አሉኝ። «ሁለተኛው ለእኔ ነው፤ እንዳልከፋ። ለሥራው የሚነገረው ሦስተኛው ነው።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ፒንግን አለማመናቸው ነው። ፒንግ አንድ ኮምፒውተር ለሌላው የሚልከው በጣም ትንሽ መልእክት ነው፤ «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያኛው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። የሙያው ሰው ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ብዙውም በእሱ ይጨርሳል። ጋሽ ይልማ ያደጉት ከአልዩ አምባ ገበያ ወደ አንኮበር የሚወጣው የጭነት መንገድ አጠገብ ነው። መንገዱ በአንድ ቦታ በሁለት ቋጥኞች መካከል ያልፋል ይሉኝ ነበር። ባዶዋን የመጣች አህያ ሳትነካ ታልፋለች፤ ጎንና ጎኗ ሰፊ ጭነት ያላት ግን እዚያው ትገታለች። እኔ ፒንግ ልኬ «መለሰ» ባልኩ ቁጥር አንገታቸውን ሳያቀኑ «ባዶ አህያ አትላክብኝ፤ ጭነህ ላክ» ይላሉ።

እሳቸው ከደብረ ብርሃን ጡረታ ሲወጡ በክፍሉ የቀረነው ኢንጂነር ሰለሞንና እኔ ነን። ሰለሞን ፈጣንና ብሩህ ሰው ነው፤ በቀን የሚጨርሰውን እኔ በሳምንት አልጨርሰውም ነበር። ከእኔ ጋር ብዙ አይነጋገርም፤ እኔም ከእሱ ጋር። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ስክሪኑ አድርገን እንውላለን። በቀን ውስጥ የተናገርኩት ቃል «ደህና ዋል» ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር።

እንግዶቹ ከመምጣታቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ሰለሞን የጣቢያዎቹን ኔትወርክ በሙሉ ወደ አዲስ ቨርቹዋል ኔትወርክ አዛወረው። አሳቡ ጥሩ ነበር። አንኮበር ያለው ኮምፒውተርና ደብረ ብርሃን ያለው ሰርቨር በአንድ ክፍል እንዳሉ ሆነው እንዲነጋገሩ የሚያደርግ፣ ምስጢርንም የሚጠብቅ ነው። የሚሠራውም እያንዳንዱን መልእክት ሌላ ፖስታ ውስጥ በመክተት ነው። በዋናው ፖስታ ላይ ሁለተኛ ፖስታ ይደረባል፤ በሁለተኛው ላይ አዲስ አድራሻ ይጻፋል። ሥራው ሲያልቅ ለሁሉም ጣቢያዎች ፒንግ ላክን። ሁሉም መለሱ። በማግሥቱም በዚያ ሳምንትም የአንኮበር ምስሎች በዶክተር መስፍን ስክሪን ላይ እንደ ወትሮው ይታዩ ነበር፤ ስለዚህ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጠዋት ነበር፤ መስኮቱ በብርዱ ላብ አውጥቷል። ሰለሞን የድምፅ ማጉያውን ወደ ራሱ አስጠጋና «ሲስተር፣ መስመሩ ደህና ነው?» አለ።

«ደህና ነው፤ ይመስገን» አለች ሲስተር አስናቀች።

እኔ ፒንግ ላክሁ። መለሰ። አንገቴን ነቀነቅሁ።

ዶክተር መስፍንም ለበሽተኛው ሰላምታ ሰጡና እንዴት እንደሆኑ ጠየቁ። በማጉያው ውስጥ ረጅም ሳል መጣ። ሳሉ ሲያልፍ አቶ ሐሰን «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ። እንግዳዋ ወይዘሮ ፈገግ ብላ «ደህና ከሆኑማ ምን ሊያደርጉ መጡ አባቴ?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ በሰው ቤት ገብቶ ገና ከበሩ አሞኛል ይባላል እንዴ?»

ሁላችንም ሳቅን። ዛሬ ሳስበው፣ እኚያ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገንን ሁሉ ነግረውን ነበር።

ሲስተር ምስሉን ላከች። በስክሪኑ ላይ መድረሱን የሚያሳየው መስመር ትንሽ ሄደና ቆመ። ጠበቅን። እንደገና ላከች፤ እንደገና እዚያው ቆመ። ሰለሞን ስሟንና ሰዓቱን በጽሑፍ እንድትልክ ነገራት፤ ጽሑፉ ዓይናችንን ሳንከድን ደረሰ። እሱም ይህን ለእንግዶቹ አሳየ፤ መስመሩ እንደሚሠራ ማስረጃ ነበርና። ከዚያ ወደ ማጉያው ዞረ።

«የትናንቱ ምስል ደርሷል እኮ ሲስተር። ዛሬ ምን ነካሽበት?»



«ምንም አልነካሁም።»

«አጥፍተሽ አስነሺው እስቲ።»

አጥፍታ አስነሣች። እኔም በበኩሌ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ቨርቹዋል ስዊቹን፣ አድራሻውን፣ መንገዱን፣ ደጅ በሚጠብቀው ፋየርዎል ላይ የተጻፈውን ፈቃድ ተራ በተራ አየሁ። ሁሉም በቦታው ነው። ፒንግ ላክሁ፤ መለሰ። ከጣቶቼ ይልቅ አእምሮዬ እንዲሠራ ወረቀት ማውጣት ነበረብኝ፤ ነገር ግን አምስት ሰው ባለበት ክፍል፣ እንግዳው ሰዓታቸውን እያዩ፣ ተቀምጦ ሥዕል የሚሥል ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ፒንግ ደገምኩ። ደግሞ መለሰ። በሥራ ዘመኔ አንድ መልስ እንደዚያ ቀን አታልሎኝ አያውቅም።

ረጅሙ ሰውዬ ቦርሳቸውን ዘጉ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። መስመሩ እንደሚሠራ በዓይናቸው እንዳዩ፣ ችግሩ ግን ጣቢያው ላይ ያለው ባለሙያ አለመዘጋጀት እንደሆነ፣ መሣሪያውም ወደ ተዘጋጀ ቦታ ቢሄድ እንደሚሻል በረጋ ድምፅ አስረዱ። ማጉያው ክፍት ነበር። ሲስተር አስናቀች ይህን ሁሉ ትሰማለች። ዶክተሩ አቶ ሐሰንን ይቅርታ ጠይቀው ደብረ ብርሃን መምጣት እንደሚኖርባቸው ነገሯቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ እሳቸው፤ እንደገና ሳሉ፤ መስመሩ ተዘጋ።

በማግሥቱ ጠዋት ከሌሎቹ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ወረቀት አወጣሁና መንገዱን ሣልኩ። ከአንኮበር ኮምፒውተር ወደ ጋራው ጫፍ የሬዲዮ ማማ፣ ከማማው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ደጃፉ ላይ ፋየርዎል፣ ከፋየርዎሉ ትልቁ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ ቨርቹዋል ስዊች፣ ከስዊቹ ሰርቨሩ። ሥዕሉን ጨርሼ ሳየው በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ማን እንደሚያልፍ ጽፌ ምን ያህል ጭነት እንደሚያልፍ አልጻፍኩም ነበር።

ያን ጊዜ ጭኜ ላክሁ። የፒንጉን መጠን በጥቂት በጥቂቱ እያሳደግሁ ሄድኩ። መለሰ፤ መለሰ፤ መለሰ። ከአንድ መጠን በላይ ስጨምር ዝም አለ። ስህተት አለ አላለም፣ መንገድ የለም አላለም። ዝም አለ እንጂ። አንድ ፍሬ ቀንሼ ስልከው እንደገና መለሰ። ሁለቱን ቋጥኞች አገኘኋቸው።

ነገሩ ይህ ነበር። የጋራው ሬዲዮ የሚያሳልፈው ጭነት ልክ አለው። ቀድሞ ትልቁ መልእክት በዚያ ልክ ያልፍ ነበር፤ ሁለተኛው ፖስታ ከተደረበበት በኋላ ግን በጥቂቱ ሰፋ። ሬዲዮው የሰፋውን ይጥለዋል። ሲጥልም በሥርዓቱ «አልገባልኝም፤ አሳንሳችሁ ላኩ» የሚል ማስታወቂያ ይልክ ነበር። እኛ ደግሞ ለጥንቃቄ ብለን ፋየርዎላችን የዚህን ዓይነት ማስታወቂያ ከደጅ እንዲመልስ አዝዘነው ነበር። ስለዚህ ላኪው ይልካል፣ ይጠብቃል፣ መልስ አያገኝም። አጭር ጽሑፍና ፒንግ ያልፋሉ፤ ምስል ግን ከመጀመሪያው ትልቅ ጭነት ላይ ይቆማል።

ጭነቱን አሳንሼ፣ ለማስታወቂያውም በሩን ከፍቼ ሲስተር አስናቀችን ደወልኩላት። የትናንቱን ምስል እንድትልክ ጠየቅኋት። ላከች። የአቶ ሐሰን የጎድን አጥንቶች ተራ በተራ ከላይ ወደ ታች ስክሪኔ ላይ ተሣሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዶክተር መስፍን መጡና ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «በአስቸኳይ ይጠሩልኝ» አሉ። አቶ ሐሰን ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ወርደዋል፤ ስልካቸውም አይሠራም። ሲስተር ከገበያ በሚመለሱ ነጋዴዎች ላከችባቸው። መጡ፤ ታከሙም። ዘግይቶ ነበር፤ ቀጣዩን ክረምት አላለፉም።

ሰለሞንን በተመለከተ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። ያገኘሁትን ሳሳየው ሥዕሌን ወስዶ ብዙ አየው፤ ከዚያ ዶክተሩ ዘንድ ገብቶ ጥፋቱ የሲስተር ሳይሆን የእኛ መሆኑን በራሱ አፍ ተናገረ። ዶክተሩም ወደ እንግዶቹ ደወሉ። መልሱ ትሕትና የተሞላ ነበር፤ ውሳኔው ግን ተፈርሟል፤ መኪናውም ታዟል።

ከመዝገቡ እንዳየሁት ኔትወርኩ ከተዛወረ ወዲህ በመስመሩ የደረሰ የአንኮበር ምስል አንድም አልነበረም። ታዲያ ዶክተሩ ስክሪን ላይ የሚታዩት ምስሎች በምን መጡ? ይህን በስልክ መጠየቅ አልወደድኩም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አንኮበር ሄድኩ።

ስደርስ መሣሪያው ተጭኖ ሄዷል። በሲሚንቶው ወለል ላይ ብሎኖቹ የነበሩባቸው ጉድጓዶች ቀርተዋል። ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ሲስተር አስናቀች ባዶውን ክፍል ትጠርግ ነበር፤ መጥረጊያውን ሳታስቀምጥ ሰላም አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ፣ ለኃላፊዎቹም እንደተነገረ አስረዳኋት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ስለ ምስሎቹ ጠየቅኋት።

«በሚኒባስ» አለች።

ምስሎቹ መሄድ እንዳቆሙ በመጀመሪያው ቀን አውቃለች። አዲስ ሥራ ሠርታችሁ ወዲያው ተበላሸ ማለት ከብዷት፣ ይስተካከል ይሆናል ብላ፣ በፍላሽ እየገለበጠች ለሚኒባሱ ሹፌር ትሰጠው ነበር። ደብረ ብርሃን መዝገብ ክፍል የምትሠራ የአክስቷ ልጅ ተቀብላ ሰርቨሩ ላይ ታስገባዋለች። በሽተኛ አልተጉላላም፤ እኛም አልተቸገርንም። ተደጋግፈው፣ ማንንም ሳያስከፉ፣ የሞተውን መስመር ሕያው አስመስለው አቆዩት።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ጠየቃችሁኝ፤ ደህና ነው አልኩ። ትልልቅ እንግዶች ባሉበት ሌላ ምን ልበል? ጋሽ ይልማ እኮ ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ጊዜ ይጠይቁ ነበር። እኔ እሱን ስጠብቅ ነበር ጋሼ።»

ጋሽ ይልማ ከጡረታ በኋላ እንኳ እየደወሉላት እንደሆነ በዚያ ቀን ሰማሁ፤ ስለ መስመሩ ግን እሳቸውን ማስቸገር አልፈለገችም።

ከመመለሴ በፊት ቤታቸው ሄድኩ። ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር፤ ከበራቸው በታች ያለው ቁልቁለት እስከ አልዩ አምባ ይታያል። በርኖሳቸውን ደርበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ደክሟል። ደህና መሆኔን ጠየቁኝ፤ ደህና ነኝ አልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ የቋጥኞቹን ወሬ ስነግራቸው ብቻ ጣታቸውን ወደ ቁልቁለቱ ዘርግተው «እዚያ ጋ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው ስለ ሥራው፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ይመስገን አልኩ። ከዚያ ዝም አሉ። ለሌሎች ሰዎች ሲያደርጉት የሰማሁት ዝምታ ነበር፤ በእኔ ላይ ሲያደርጉት ግን የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ለመሄድ ተነሣሁ።

«እንግዲህ ልትሄድ ነው» አሉ። «ምን አስቸገረህ ዘውዴ?»

ለምን እንደመለስኩላቸው አላውቅም። ከመዘዞ ወዲህ ይህን ቃል ለማንም አልተናገርኩም።

«ቤቱ ዝም ይላል ጋሽ ይልማ።»

ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የነበረው ሚኒባስ ሄደ፤ ቀጣዩም ሄደ፤ የመጨረሻው እስኪመጣ ድረስ ሁለታችን ቁልቁለቱን እያየን ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ የቆየሁባቸው ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ወደ ጣቢያዎቹ ስደውል ሦስተኛውን ጥያቄ እጠይቅ ነበር፤ ሰለሞን መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፣ በኋላ ግን እሱም ሲጠይቅ ሰማሁት። ጋሽ ይልማ አረፉ፤ የቀበርናቸው ቁልቁለቱ ከሚታይበት ቦታ ነው። ሰለሞን አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ዶክተር መስፍንም ተዛውረው ሄዱ። ሁለቱ እንግዶች ዳግመኛ አልመጡም። ሲስተር አስናቀች መሣሪያ ወደሌለበት፣ መዘዞ ወዳለ ጣቢያ ተመደበች፤ ያ በማጉያው የሰማችው ቃል ምን ያህል እንደተከተላት አልነገረችኝም። መጨረሻ እኔ የክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ።

እሑድ እሑድ ከመዘዞ ስልክ ይደወልልኛል። ደህና ነዎት ጋሼ ትላለች፤ ደህና ነኝ እላለሁ። ብርዱስ፣ ጤናዎስ ትላለች፤ ይመስገን እላለሁ። ከዚያ ዝም ትላለች፣ ሳትዘጋ። ያን ጊዜ እውነቱን እነግራታለሁ፤ እኔም ተራዬን እጠይቃታለሁ፤ እሷም ትነግረኛለች።

በዚያ ቀን በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ከነበርነው ሰባት ሰዎች በዚህ አካባቢ የቀረነው መዘዞ አንድ፣ ደብረ ብርሃን አንድ፣ ሁለት ነን።